የሦስተኛው ኩርባ አንሺ

ሰው ሁሉ ሲናደድ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ሾፌሯ ግን ስትናደድ ድምፅዋ ዝቅ ይልና አንቱ ማለት ትጀምራለች። አውቶቡሷ ውስጥ የረበሸ ተሳፋሪ «አንተ፣ ተው» ከተባለ ገና ተስፋ አለው፤ «ጌታዬ፣ ቢወርዱ ደስ ይለኛል» ከተባለ ግን ቶሎ በሩን ይፈልጋል። ስለዚህ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የሪሞት መኪና መሸጫው ውስጥ «እርስዎ ይምረጡልኝ እንጂ ዶክተር፤ እኔ ምን አውቃለሁ» ስትል የሰሙት ባለሱቅ፣ የያዙትን መፍቻ ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

ባለሱቁ ጋሽ ብሎን ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ቁመታቸው አጭር፣ ጭንቅላታቸው ሰፊ በመሆኑ ደንበኞቻቸው ናቸው ያወጡላቸው፤ እሳቸውም ተቀይመው ሲጨርሱ ሱቃቸው በር ላይ አጻፉት።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሪሞት ፒካፖች ጎን ለጎን ቆመዋል። ሁለቱም ክንድ ያክላሉ፣ ጎማቸው ጥርሳም ነው፣ የተሠሩትም ለአፈር ሜዳ ውድድር ነው። ቀይዋ በአራቱም ጎማዋ ትነዳለች። መሬቱን ቆንጥጣ ትይዛለች፣ ወደመሯት ትሄዳለች፣ ከጉብታ ላይ ዘልላ ስታርፍም አትደናገጥም። ሰማያዊዋ የምትገፋው በኋላ ጎማዎቿ ብቻ ነው። ቀላልና ቁጡ ናት፤ ኩርባ ላይ የቸኮለባትን ሰው ጅራቷን ወርውራ ታሳፍረዋለች፣ አመሏን ለያዘላት ግን ቀጥታው ላይ የሚደርስባት የለም። በሪሞት መኪና ነጂዎቹ ክበብ ደንብ ሁለቱ ዓይነቶች አብረው አይወዳደሩም። መጀመሪያ አራት ጎማዎቹ ይሮጣሉ፣ ቀጥሎ የኋላ ጎማዎቹ።

ዶክተር ያለችው ፍቅረኛዋ፣ የዓይን ሐኪሙ፣ የሚወዳደረው በኋላ ጎማ ነው። እሷም እስካሁን የእሱን አሮጌ መኪና ተውሳ፣ በአንድ ዙር ከእሱ ጋር ስትወዳደር ቆይታለች። ነጂዎቹ ሪሞታቸውን ይዘው ሜዳውን ቁልቁል የሚያዩበት የእንጨት ማማ አለ፤ እዚያ ላይ ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። ለእሷ የሳምንቱ ምርጥ ሰዓት ያ ነበር። ዛሬ የራሷን መኪና ልትገዛ መጣች፣ እሱ ደግሞ እጁን ቀይዋ ላይ ጭኖ አላነሳም አለ።

«ይቺ ትሻልሻለች» አላት። «አትገለበጥም።»

«እኔ ተገልባጭ ነኝ ማለት ነው?»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«ታዲያ ምን አልክ? ከአንተ ዙር ውጪልኝ ነው ያልከው?»

ሐኪሙ የቀይዋን ጎማ በጣቱ አሽከረከረ። አንቱታው የጀመረው ይሄን ጊዜ ነበር።

እንዲህ ያለ ቁጣ ከአንድ መኪና አይመጣም። የመጣው ከሩቅ ነው። የአውቶቡሷ መጨረሻ ፌርማታ ከውድድሩ ሜዳ ጋር የሚዋሰነው በአንድ የሽቦ አጥር ብቻ ነው። በእረፍቷ ሰዓት አጥሩን ተደግፋ ታይ ነበር። አንድ እሁድ የሐኪሙ መኪና ተገልብጣ ጎማዋ አየር ላይ ሲሽከረከር ሳቀች። እሱም ዞር ብሎ «መሳቅ ቀላል ነው፤ እስቲ ሞክሪው» ብሎ ሪሞቱን በአጥሩ ላይ አቀበላት። ፍቅራቸው በዚያ ሪሞት ተጀመረ ቢባል ሐሰት አይሆንም። ችግሩ ክበቡን ያቋቋሙት የሐኪሙ ሟች አባት መሆናቸው ነው። እናቱ እስከ ዛሬ በየውድድሩ እሁድ ሦስተኛው ኩርባ ትይዩ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያያሉ፣ ዋንጫ የሚሸልሙትም እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ሾፌሯን ያስተዋወቃቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም «አዲስ አባላችን ናት» ብሎ። በኋላ ስትጠይቀው «ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» አላት። ሰጠችው። አሁን ጊዜውን ወስዶ ምን እንደሠራበት ያየች መሰላት። እናቱ ፊት አብሯት መታየት ስለከበደው ወደ ሌላ ዙር ሊያሻግራት ነው።

«እናትዎ ፊት አጠገቤ መቆም ካሳፈረዎት ይንገሩኝ» አለችው። «በመኪና አያመካኙ።»

«በእናቴ እምላለሁ፣ እሱ አይደለም» አለ ሐኪሙ። «ጋሽ ብሎን፣ እባክዎ ለትንሽ ደቂቃ ብቻችንን...»

«ሱቁ የኔ ነው ልጄ። የት ልሂድልህ?»

«ምክንያት አለኝ» አላት ወደ እሷ ተጠግቶ። «እመኚኝ።»

«ምክንያትህን ንገረኝና ልመንህ።»

ዓይኗን ዓይኗን አያት። የሰው ዓይን ሲመረምር የሚውል ሰው ነውና አስተያየቱ ረጅም ነው፤ ሌላ ቀን ቢሆን ያ አስተያየት ይበቃት ነበር። ዛሬ ግን ከዓይኑ ሳይሆን ከአፉ ነበር የምትጠብቀው። ሰማያዊዋን ከነካርቶኗ አነሳች።

«ይቺን እወስዳለሁ፣ ጋሽ ብሎን።»

በሩ ጋ ስትደርስ እርምጃዋን አዘገየች። ቢከተላት ይቅር ትለው ነበር። አልተከተላትም፣ እሷም ካርቶኑን አጥብቃ ይዛ መንገዱን ተሻገረች።

በነጋታው ፌርማታው ላይ ሞተር አጥፍታ ስትቀመጥ መልእክቱ ደረሳት። «እባክሽ በአራት ጎማዋ ለውጪያት። ጋሽ ብሎንን ነግሬያቸዋለሁ። እወድሻለሁ።» ደግማ አነበበችው። እወድሻለሁ የሚለውን ቃል መጨረሻ ላይ ጣል ያደረገው እንደ ገበያ ምርቃት ነው። መልስ ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈችና ጨርሳ አጠፋችው። ቀኑን ሙሉ ፍሬን ስትይዝ ተሳፋሪው ሁሉ ወደፊት እየተንገዳገደ ዋለ።

ሥራዋን ስትጨርስ የሰማያዊዋን ንዝረት የሚያበርደውን አሞርዛተር ልታስተካክል ጋሽ ብሎን ዘንድ ገባች። ሽማግሌው መኪናዋን ገልብጠው ሲፈቱ ቆዩና ሳል ሳል አደረጋቸው። የሳቸው ሳል የነገር መግቢያ ናት።

«ልጄ፣ ነገረኛ አትበይኝና፤ ባለፈው ውድድር ሦስተኛው ኩርባ ላይ ስትገለበጪ አንሺው ማን ነበር?»

በክበቡ ውስጥ አንሺ የሚባል ተቀጣሪ የለም። አንድ ዙር ነድቶ የጨረሰ ሁሉ ሪሞቱን አስቀምጦ ይወርድና፣ ቀጣዩ ዙር ሲሮጥ በየኩርባው ቆሞ የተገለበጠ መኪና ያነሳል። ለመጀመሪያው ዙር የሚያነሱት ደግሞ ተራቸውን የሚጠብቁት የኋላ ጎማ ነጂዎች ናቸው። ትናንት ያነሳህለት ዛሬ ያነሳልሃል፤ ክበቡ የቆመው በዚህ ነው። ያን ቀን ከአራት ጎማዎቹ ዙር ወርዶ ሦስተኛው ኩርባ ላይ የቆመው የሐኪሙ የአክስት ልጅ ነበር። መኪናዋ ሳትነሳ ዙሩ አልቆ፣ መጨረሻ ወጣች።

«የአክስቱ ልጅ» አለች። «አቧራ ነበር። አላየኝም።»

«አይቶሻል። እጁን አጣጥፎ ነው ያየሽ። ኋላም እዚሁ ሱቅ መጥቶ ‹የአውቶቡስ ሾፌር ናት አይደል? ራሷ ወርዳ ትግፋ› ብሎ ሲስቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዶክተሩም ማማው ላይ ሆኖ እጁን አጣጥፎ መቆሙን አይቷል።» ጋሽ ብሎን መፍቻቸውን አነሱ። «አራት ጎማ ውሰጂ ያለሽ ለዚህ ነው። አንቺ በሌላ ዙር ስትነጂ እሱ ነጻ ነው፤ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ራሱ ሊቆምልሽ ነበር። እንዳይናገሩ ብሎ አስምሎኛል። እኔ ደግሞ ሱቄ ውስጥ ጠብ አልወድም።»

ሌላ ሴት ብትሆን እዚህ ላይ ልቧ ቅቤ ይሆን ነበር። የኛዋን ግን ቆሽቷን አሳረራት። ሽማግሌው ምርቃት የሚጠብቁ ሰው መስለው ፈገግ ቢሉም የሰሙት ሌላ ነው።

«አይቶ ነው ዝም ያለው?» አለች።

ከዚያ ወዲያ አሞርዛተሩንም አላስጨረሰች። እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ወደ ክሊኒኩ ሄደች።

ሐኪሙ የመጨረሻ ታካሚውን ሸኝቶ መብራቱን ሊያጠፋ ሲል የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ገባች። ግድግዳው ላይ የዓይን መመርመሪያው ፊደል ከትልቅ ወደ ትንሽ ተደርድሯል። የታካሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አንቱታው እንኳ ጠፍቶባታል፤ ያ ደግሞ ከቁጣም ያለፈ ነገር ነው።

«አይተሃል» አለችው።

ጋሽ ብሎን እንደነገሯት ወዲያው ገባው። ነጭ ካፖርቱን አውልቆ እጁ ላይ ያዘው። «አይቻለሁ።»

«ሰው እኔን መሬት ላይ ሲያስተኛኝ አይተህ መኪናህን መንዳት ቀጠልክ።»

«መኪናዋን እንጂ አንቺን...»

«እኔን ነው። ታውቀዋለህ። የሰው ዓይን ስታክም ትውላለህ፤ አይቶ ዝም ማለትን ማን አስተማረህ?»

«ብናገር እናቴ ፊት ጠብ ይነሳ ነበር። ነገሩን በጥበብ ልፈታው ፈለግሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል።»

«ይነቅዛል። እኔ ውስጥ ነቅዟል።» ወደ ወንበሩ ጫፍ ተጠጋች። «እኔ መኪና የሚያነሳልኝ ሰው አላጣሁም። ሲገለበጥ ወርጄ አነሳለሁ፣ ዕድሜ ልኬን ሳነሳ ኖሬያለሁ። ከአንተ የምፈልገው አፍ ነው። ‹ይቺ የኔ ናት› የሚል አንድ ሙሉ አፍ።»

«እናቴን አታውቂያትም።»

«በቅጡ አላስተዋወቅኸኝም እኮ።»

ሐኪሙ ወንበሩ አጠገብ በርከክ ብሎ እጇን ሊይዝ ሲል ሰበሰበችው።

«እሁድ በሰማያዊዋ አጠገብህ ቆሜ እወዳደራለሁ» አለችው። «የአክስትህ ልጅ እንደገና ያን ነገር ካደረገ፣ አንተም እንደገና ዝም ካልክ፣ ከማማው ስወርድ የኔና የአንተ ነገር አበቃ። እንዳትከተለኝ። መልእክትም እንዳትልክ።»

ወጥታ ሄደች። መንገድ ላይ ልቧ ሁለት ሆነ። አንደኛው ለምን እጅሽን ነፈግሽው ይላታል፣ ሁለተኛው ደግሞ አንደኛውን ልብ ይሳደባል።

እሁድ ፀሐዩ ጠንከር ያለ፣ አፈሩም ደረቅ ነበር። አራት ጎማዎቹ ጨርሰው ነጂዎቹ በየኩርባው ሲበተኑ፣ የአክስቱ ልጅ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሊቆም የነበረውን ሰው ትከሻውን መታ አድርጎ «እዚህ እኔ አለሁ» ሲለው አየችው። ሐኪሙም አየ። ሁለቱም ሪሞታቸውን ይዘው ማማው ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። ክርናቸው ሊነካካ ጥቂት ቀርቶታል፤ አልተነጋገሩም። ሽቶው ሸተታትና በገዛ አፍንጫዋ ተናደደች።

ጥሩምባው ተነፋ። ሰማያዊዋ ብዙዎቹን ጥላ ወጣች። ጉብታውን ዘለለች፣ አረፈች፣ ሁለተኛውን ኩርባ ጅራቷን እያወናጨፈች አለፈችው። የሐኪሙ ከፊቷ ነበረች፣ ዙር በዙር እየቀረበቻት ሄደች። በመጨረሻ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ከኋላ የመጣች አንዲት ቢጫ መኪና ጎኗን ገጨቻት። ሰማያዊዋ የዳር መለያውን ቱቦ ረግጣ ተነሳችና ተገለበጠች።

«አንሺ፣ ሦስተኛው ኩርባ» አለች፤ ነጂ ሁሉ የሚለውን።

የአክስቱ ልጅ ሁለቱንም እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል። መኪናዋ እግሩ ሥር ጎማዋን ወደ ሰማይ እያሽከረከረች ነው። ቀና ብሎ ወደ ማማው አየና ፈገግ አለ።

«አንሺ» አለች እንደገና። ወደ ጎኗ ላለመዞር አንገቷን አደነደነች። ብትዞርና ቢያያት፣ ያንን ረጅም አስተያየቱን ቢሰጣት፣ ዝም ብሎ ደግሞ መንዳቱን ቢቀጥል፣ የምትሞት መሰላት። በሆዷ መሰናበት ጀመረች። ደህና ሁን፣ አንተ ደግ ፈሪ።

ያን ጊዜ ከሜዳው አንድ የመኪና ሞተር ድምፅ ተቋረጠ ብትል ሰው አያምንም፤ ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ግን የእሱን ለየችው። ስትመራ የነበረችው መኪናው ቀጥታው መሐል ላይ ቆማለች፣ ሌሎቹ እየዞሯት ያልፋሉ። ሪሞቱ ሳንቃው ላይ ሲቀመጥ ሰማች።

«ስማ» አለ ሐኪሙ። እንዲህ ያለ ድምፅ አለው ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። «ያቺን መኪና አንሳ።»

«የማን ናት?» አለ የአክስቱ ልጅ። «ተገልብጣ ቁጥሯ አልታየኝም።»

«የማገባት ልጅ መኪና ናት። ባለፈውም ስታደርገው አይቼ ዝም ብዬሃለሁ፣ ያ የኔ ውርደት ነው። ዛሬ ግን እጅህን ከኪስህ አውጣ፤ ካላወጣህ እኔ ወርጄ አወጣልሃለሁ።»

ማይክሮፎን ይዞ ውድድሩን ሲያወራ የነበረው ሰውዬ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ጥላ ሥር የተቀመጡት እናት መነጽራቸውን አወለቁ።

«እማዬ፣ ሰምተሻል» አለ ሐኪሙ።

«ሰምቻለሁ» አሉ እናቱ። «ለእኔ አንድ ነገር ለመንገር ይህን ሁሉ ሕዝብ መሰብሰብ ነበረብህ? ቤት የለህም?» ቀጥለው ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ፤ ድምፃቸው ከልጃቸው ድምፅ አልተሻለም። «አንተ ደግሞ ምን ትገተራለህ? አንሳላት። አጎትህ በሕይወት ቢኖር ይህን ሜዳ አያስረግጥህም ነበር።»

የአክስቱ ልጅ ጎንበስ ብሎ አነሳት። እናትየው ግን ወደ ማማው ቀና ብለው ሾፌሯን አዩዋት። ፈገግታ የሌለው፣ ከእግር እስከ ራስ የሚመዝን አስተያየት ነበር። ሾፌሯም ዓይኗን አልሰበረችም። በመጨረሻ መነጽራቸውን መልሰው ያደረጉት እሳቸው ናቸው።

አሁን ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ይህን ቃል ስንት ጊዜ በሕልሟ ሰምታዋለች። የመጣባት ግን ሌላ ቁጣ ነው፤ መኪናዋን ወደፊት ተኮሰቻትና ሳትዞር በጥርሷ መሐል ተናገረች።

«ማንን ጠይቀህ ነው የማገባት ያልከው?»

«ምን?»

«መኪና መረጥክልኝ። አሁን ደግሞ ባል መረጥክልኝ። እኔን የጠየቀኝ አለ?»

ከወዲያ በኩል አንድ ነጂ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞክሮ አልሆነለትም። ሐኪሙ ወደ እሷ ዞረ።

«መጠየቅ ነበረብኝ» አለ። «ልጠይቅሽ?»

«እየነዳሁ ነው።»

እውነቷን ነው፤ እየነዳች ነበር። ዕንባ ከመጣ መኪናዋ ስለማትታያት ዓይኗን ሳታርገበግብ ነዳች። ሦስተኛውን ኩርባ ስታልፍ የአክስቱ ልጅ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለላት። በጎን በኩል በጨረፍታ እጆቹን አየች፤ የሐኪሙን እጆች። ባዶ ናቸው፣ ሳንቃውን ይዘዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ። የዓይን ብሌን ላይ መርፌ ሲይዙ የማይነቃነቁ እጆች ናቸው። ለካ እሱም ይናደዳል። ለካ ለእሷ ሲል ሊናደድ የሚችል ሰው ሆኖ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ ያስጠበቃት። አንጀቷን በላው፣ ደግሞም አበሳጫት።

ጥሩምባው ተነፋ። ሰማያዊዋ ከመጨረሻው ከፍ ብላ ገባች። እሱ መኪናውን ካቆመበት አላነሳትምና መጨረሻ የወጣው እሱ ነው። ሌሎቹ ነጂዎች ደረጃውን ለመውረድ ቸኩለው አያውቁም፤ ዛሬም የቸኮለ አልነበረም።

«አሁን ጠይቀኝ» አለችው።

ጠየቃት። አልተንበረከከም፣ ቀለበት አላወጣም። እናቱ ከሚሰሙበት ቦታ፣ አፉን ሞልቶ፣ «ታገቢኛለሽ ወይ?» አላት።

ሾፌሯ ሪሞቷን አጠፋች።

«እሺ» አለች። «ግን ተቆጥቻለሁ።»

«እንደተቆጣሽ ነው እሺ ያልሽኝ?»

«እንደተቆጣሁ ነው።»

ሪሞቷን እጁ ላይ ጣለችለት። ከዚያም በሁለት መዳፏ ፊቷን ሸፍና፣ ያ ሁሉ ሰው እያያት፣ ማንንም ሳታፍር አለቀሰች።